ጂኖም በሙሉ ሲደገም የትኛው ጂን ጥንድ ሆኖ ይዘልቃል?

ጥያቄዎ የአንድ ፍጥረት ጂኖም (የዘር መረጃው ጠቅላላ ስብስብ) በሙሉ ከተደገመ በኋላ አንዳንዶቹ ጂኖች በሁለት ቅጂ ሲዘልቁ ሌሎቹ ወደ አንድ የሚመለሱት በአጋጣሚ ነው ወይስ በምክንያት የሚል ነው። ሥራዬ የተደገሙ ጂኖሞችን ካልተደገሙ ዘመዶቻቸው ጋር ማነጻጸር ስለሆነ፣ ባየሁት መሠረት ልመልስልዎ። ከአንድ ጥንድ ውስጥ የትኛው ቅጂ እንደሚጠፋ ብዙውን ጊዜ አጋጣሚ ይወስነዋል፤ የትኞቹ ጂኖች ጥንድ ሆነው እንደሚዘልቁ ግን በአብዛኛው ምክንያት አለው።

የተለመደው ዕጣ መጥፋት ነው። ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ዓይነት ሥራ እስከሠሩ ድረስ አንደኛውን የሚያበላሽ ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ፍጥረቱን ስለማይጎዳው ተፈጥሯዊ ምርጫ አያስወግደውም፤ የተበላሸው ቅጂም ቀስ በቀስ ፈራርሶ ይሰረዛል። የዳቦ እርሾ ጂኖም ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተደገመ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የዘለቁት 550 ያህል ጥንዶች፣ ማለትም ከመጀመሪያዎቹ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ይህ ጂኖም ድግግሞሹ ከመድረሱ በፊት ከተለየው ክሉይቬሮሚሴስ ዋልቲ ከተባለ እርሾ ጋር ሲነጻጸር፣ የዘመዱ አንድ የክሮሞዞም ክፍል ከዳቦ እርሾ ሁለት ክፍሎች ጋር እንደሚገጥም ታየ። በዘመዱ ላይ ተከታትለው ከተደረደሩት ጂኖች ለምሳሌ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው በአንዱ ክፍል፣ ሁለተኛውና አምስተኛው በሌላው ይገኛሉ፤ በሁለቱም ላይ የቀረ ጂን የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን እንደተጠበቀ ነው። ይህን አሰላለፍ በዓይኑ ያየ ሰው ድግግሞሹን ለመጠራጠር ይቸገራል።

ጥንድ ሆነው የዘለቁትን ስመረምር ደጋግሜ የማገኘው የራይቦዞም (የሕዋስ ፕሮቲን መሥሪያ) ፕሮቲኖችን፣ ኪናዞችን (ፎስፌት በመለጠፍ የሌሎች ፕሮቲኖችን ሥራ የሚቆጣጠሩ ኢንዛይሞች)፣ እንዲሁም ሌሎች ጂኖችን የሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖችን የሚያስገኙ ጂኖችን ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች ከሌሎች ጋር ተጣምረው በተመጣጠነ መጠን የሚሠሩ ናቸው። ጂኖም በሙሉ ሲደገም ሁሉም አብረው ስለሚጨምሩ ምጣኔው አይዛባም፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ቅጂ ብቻውን ቢጠፋ ግን ስለሚዛባ፣ ተፈጥሯዊ ምርጫ መጥፋቱን ይከላከላል። እነዚሁ ጂኖች ለብቻቸው ሲደገሙ ግን ምጣኔውን የሚያዛባው ራሱ መደገሙ ስለሆነ ትርፉ ቅጂ እምብዛም አይበረክትም። በእኔ አስተያየት የምጣኔውን መላምት ከሁሉ ይበልጥ የሚያጠናክረው ይህ ተቃራኒ አዝማሚያ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራ ክፍፍል ነው። ክሉይቬሮሚሴስ ላክቲስ በተባለው እርሾ አንድ ጂን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ጋላክቶስ የተባለውን ስኳር ለምግብነት የሚያዘጋጅ ኢንዛይም ያስገኛል፣ እንዲሁም ስኳሩ መኖሩን ለይቶ ሌሎቹን ጂኖች ያስነሣል። በዳቦ እርሾ ግን ጋል1 እና ጋል3 የተባሉት ሁለት ቅጂዎች ሥራውን ተከፋፍለዋል፤ ጋል1 የኢንዛይሙን፣ ጋል3 የማስነሣቱን ይሠራሉ። ጋል3 ኢንዛይምነቱን ቢያጣም፣ ተመራማሪዎች ሁለት አሚኖ አሲዶች ሲያስገቡለት መልሶ ኢንዛይም ሆኗል። ክፍፍሉ አንዴ ከተፈጸመ በኋላ አንዱ ሌላውን መተካት ስለማይችል ሁለቱም አስፈላጊ ይሆናሉ።

የትኛው ቅጂ እንደሚጠፋ አጋጣሚ ይወስነዋል ያልኩት ሁልጊዜ አይሠራም፤ በተለይ ድግግሞሹ የሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መዳቀል ያስከተለው ሲሆን። ጂኖሙ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው ዜኖፐስ ሌቪስ የተባለው እንቁራሪት ከግማሽ በላይ ጂኖቹን በጥንድ ይዞ የዘለቀ ቢሆንም፣ የጠፉት በብዛት የጠፉት ከአንደኛው ወላጅ ከመጡት ክሮሞዞሞች ነው። በበቆሎም ተመሳሳይ አድልዎ ይታያል፤ በዚያ ብዙ የሚጠፋው በአማካይ ደከም ብለው የሚሠሩት ጂኖች ካሉበት ወገን ነው።

የራስዎን መረጃ ሲመረምሩ ግን «ጠፍቷል» ከማለትዎ በፊት ልብ እንዲሉ የምለምንዎ ነገር አለ። በጣም የሚመሳሰሉ ሁለት ቅጂዎች ጂኖሙ ከንባቦች (በመሣሪያ ከተነበቡ የዲኤንኤ ቁርጥራጮች) ሲገጣጠም ወደ አንድ ሊጨመቁ ይችላሉ፤ በዚያ ቦታ ላይ የተከመረው የንባብ ብዛት ከሌላው እጥፍ ከሆነ ቅጂው አልጠፋም ማለት ነው። በጎረቤት ጂኖቹ መካከል የፈራረሰ ቅሪት መኖር አለመኖሩንም ይፈልጉ። ይህ በሳልሞን ዘመዶች ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ሬይንቦ ትራውት ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላም ግማሽ ያህሉን ጂኖቹን በጥንድ ይዟል፤ ከሳልሞን ወገን ክሮሞዞሞች አንዳንዶቹ ደግሞ ከድግግሞሹ በኋላ ለረጅም ጊዜ ክፍሎቻቸውን ሲለዋወጡ ስለቆዩ፣ ቅጂዎቻቸው እስካሁን ለመለየት እጅግ ያስቸግራሉ።