የአፈር ብሎኬት ሲሰነጠቅና ሲፈረፈር

ጥያቄ፦ በእጅ መጭመቂያ ማሽን ከአፈርና ከሲሚንቶ ብሎኬት እንሠራለን። በሦስተኛው ቀን ፊቱ ይሰነጠቃል፣ ጠርዙም በእጅ ይፈረፈራል። ሲሚንቶውን ከ1 ለ 16 ወደ 1 ለ 10 ብናሳድገውም ለውጥ የለም። ምን እንጨምር?

መልስ፦ ሲሚንቶ አትጨምሩ፣ ገንዘባችሁን ነው የምታባክኑት። ችግራችሁ ሁለት ነው፤ ስንጥቁ ከአፈሩ ይመጣል፣ መፈርፈሩ ደግሞ ከውሃና ከጊዜ አያያዝ።

አፈሩን እንዲህ ፈትኑ። ውስጡ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ሳንቲ ሜትር ወርድና 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የእንጨት ሳጥን ሥሩና ዘይት ቀቡት። የተነፋ አፈር በውሃ አላቁጡ፤ አየር እንዳይቀር እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት፤ ጥላ ሥር ሳምንት ይቆይ። የደረቀውን ወደ አንድ ጫፍ ገፍታችሁ ክፍተቱን ለኩ። 2 ሳንቲ ሜትር ካልሞላ 1 ለ 16 ይበቃል። ወደ 5 ከተጠጋ ሸክላው በዝቷል፤ ሲደርቅ የሚኮማተረው እሱ ስለሆነ አሸዋ እየጨመራችሁ ሙከራውን ድገሙ። የተሰነጠቁትን ብሎኬቶች ግን አትጣሉ፤ ተደቁሰው በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ከተነፉ አሸዋውን በከፊል ይተካሉ። ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ ጥቁር መረሬ አፈር ከሆነ ሌላ ቦታ ቆፍሩ። ሥርና ብስባሽ ያለበት የላይኛው አፈርም ሲሚንቶው እንዳይጠነክር ያደርጋል።

ለውሃው መጠን ድብልቁን ጨብጣችሁ አድቦልቡሉና ከደረት ቁመት ጠንካራ መሬት ላይ ልቀቁት። አራት አምስት ቦታ ከተሰበረ ልክ ነው። ዱቄት ሆኖ ከተበተነ ውሃ አንሶታል፤ ሳይሰበር ከተጠፈጠፈ በዝቶበታል።

አብዛኛው ብሎኬት የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው፦ የግማሽ ቀን ድብልቅ አንዴ ይረጥብና ክምሩ ተራውን ይጠብቃል። ሲሚንቶው ክምሩ ውስጥ መያዝ ይጀምራል፤ ማሽኑ ሲጫነው የተያያዘውን መልሶ ይሰብረዋል። በ30 ደቂቃ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ አርጥቡ።

ብሎኬቱ እንደወጣ በላስቲክ ሸፍኑት። አንዱን ሰብራችሁ እዩ፤ መሀሉ ጠንክሮ ዳር ዳሩ ነጣ ብሎ በጥፍር ከተፋቀ፣ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ፀሐይና ንፋስ ውሃውን ወስደውበታል። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በቀስታ እየረጫችሁ 7 ቀን ሙሉ እርጥበቱን ጠብቁ፤ በቧንቧ በኃይል ከለቀቃችሁበት ፊቱ ይታጠባል። ከዚያ ጥላ ሥር ይቆይና 28 ቀን ሲሞላው ግድግዳ ላይ ይውጣ። ከመገንባታችሁ በፊት አንዱን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠርዙ ከሟሟ ያ ዙር ለግድግዳ አይሆንም።