ዊልቸር ይዞ ቤተ መቅደስ መግባት ነውር ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከአደጋ በኋላ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ስላለው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ሆኜ አስቀድሳለሁ። አንድ ቀን ወጣቶች ተሸክመው ሊያስገቡኝ ሲሉ አንድ ሰው «ጎማው ውጭ የረገጠ ነው፤ እንደ ጫማ ነው» ብሎ ከለከላቸው። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» (የተቀመጣችሁ ተነሡ) ሲልም መቆም ስለማልችል እሸማቀቃለሁ። በደል ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ በመጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። መቆም ያልቻለ ሰው ተቀምጦ ቢያስቀድስ በደል የለበትም። ያንቺ መነሣት በልቡና ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን አስቢ። በጸሎት ብዛት እግራቸው የተሰበረበትን ጥር 24 እናከብራለን፤ በሥዕላቸውም ላይ የተቆረጠችው እግራቸው ትታያለች። ቤተ ክርስቲያን በጎደለ አካል አታፍርም።

ያ ሰው ለቤተ መቅደሱ ክብር ተጨንቆ ይሆናል፤ ግን ተሳስቷል። እግዚአብሔር ሙሴን «ጫማህን ከእግርህ አውጣ» አለው እንጂ እግርህን ትተህ ና አላለውም። ዊልቸሩ ላንቺ እግርሽ ነው። የአባቶች መቋሚያስ? መንገዱን ሁሉ ሲረግጥ መጥቶ ቅኔ ማኅሌት ይገባል፤ ጫማ ነው የሚለው የለም። ለንጽሕናው በር ላይ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይበቃል። ለመቁረብ ስታስቢ ለንስሐ አባትሽ ቀደም ብለሽ ንገሪያቸው፤ የት ሆነሽ እንደምትቀበዪ ያመቻቹልሻል።

እኔን የከበደኝ ደረጃው ነው። ዛፍ ሥር የሚያስቀድስ ብዙ ሰው አለ፤ ግን ወዶ ነው። አንቺ ምርጫ የለሽም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሽባውን የተሸከሙት አራት ሰዎች ሕዝቡ መግቢያ ቢያሳጣቸው ጣራውን ነደሉ። ጌታም ለምን አፈረሳችሁ ብሎ አልተቆጣም፤ እምነታቸውን አየ። ለአንድ ሰው ሲባል ቤት ተነደለ! እኛ ጣራ ንደሉ አልተባልንም፤ ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ) ሥሩ ነው የተባልነው።

ራምፑም ለስሙ ያህል አይሁን። አንዳንድ ቦታ ደረጃው ላይ ሲሚንቶ አፍስሰው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ይሠራሉ፤ እሱ ሰው ይገለብጣል። የተለመደው ልክ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። ደረጃው ግማሽ ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ 6 ሜትር ይፈልጋል ማለት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። አዲስ ሕንፃ እያስጀመሩ ያሉ ሰበካ ጉባኤያት ከንድፉ ላይ ቢያስቡበት ወጪው ጥቂት ነው። በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት፣ በመጻጉዕ፣ 38 ዓመት የታመመው ሰው «ሰው የለኝም» ሲል እየሰማን እናዝናለን። አንቺንም መስማት አለብን።

ስለዚህ ጥያቄሽን ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ አስገቢ። ስትሄጂ ከሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ሁለት ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ የሚከታተልልሽ ታገኛለሽ።

ለምእመናንም አንድ ነገር ልበል። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ለማኝ አይደለም፤ ሳይጠይቃችሁ ጭኑ ላይ ሳንቲም አታስቀምጡ። ሳታስፈቅዱም ዊልቸሩን አትግፉ። «ልርዳሽ ወይ?» ማለት ይቀድማል። ለታኅሣሥ ገብርኤል ከተማችን በእንግዳ ስትጨናነቅ ደግሞ፣ እኅቴ፣ ሕዝቡ ሳይበዛ ቀድመሽ እንድትገቢ አስተባባሪዎቹን አስቀድመሽ አነጋግሪያቸው።