«ስፒን» ሲተነተን፦ ከእንዝርት እስከ ኤሌክትሮን

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛው «ስፒን» መሽከርከር ማለት ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ መነሻው መፍተል ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ስፒናን» የሚባለው የበግ ፀጉር ወይም ተልባ እየሳቡ ክር ማውጣት ነበር። የመሾር ትርጉሙ ጎልቶ የወጣው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው።

ጥያቄ፦ ክርና ሽረት (መሾር) ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ የእኛን ፈታይ ተመልከቱ። በአንድ እጇ ባዘቶውን ይዛ፣ በሌላው መዳፏ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሾረዋለች። ሥራው ሁለት ነው፦ መሳቡ ጥጡን ያቀጥናል፣ ሽረቱ ያከረዋል። ሽረት ሲያንስ ክሩ ላልቶ ይበጠሳል፤ ሲበዛ እርስ በርሱ ይጠመጠማል። የእንግሊዝኛው ጥንተ ሥር የሚያመለክተው መሳቡን ነበር፤ ስሙን የወረሰው ግን ዓይን የሚስበው ሽረቱ ሆነ። በአማርኛ ፈተለና ሾረ እንደተለያዩ ቀሩ።

ጥያቄ፦ «ስፓይደር» ዘመዱ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ «ፈታይ» እንደማለት ነው። እንግሊዞች ሸረሪትን በፈትሏ ሲጠሯት፣ እኛ ደግሞ ቤቷን በሸማኔው ቃል ድር አልነው። «ስፒንስተር»ም ፈታይ ሴት ነበረች፤ ኋላ ያላገባች ሴት መጠሪያ ሆነ። በእንግሊዝና በዌልስ ከጋብቻ መዝገብ የወጣው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥያቄ፦ ያለፈ ጊዜው «ስፒንድ» ነው?

መልስ፦ «ስፐን»።

ጥያቄ፦ ስተረጉም ሁሉንም «ዞረ» ብለው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ሁለት እንቅስቃሴ ይደባለቅብሃል። መሬት በራሷ ዛቢያ ላይ በ24 ሰዓት ገደማ ትሾራለች፤ «ስፒን» ይኼኛው ነው። ፀሐይን በ365 ቀን ከሩብ ገደማ ትዞራለች፤ ይህ «ሪቮልቭ» ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ «ስፒን 1200» የሚለውን ካየህ፣ ከበሮው በደቂቃ እስከ 1200 ጊዜ ሾሮ ውሃውን ከልብሱ ያስወጣል ማለት ነው። እኔ ብሆን «መጭመቅ» ብዬ እተረጉመዋለሁ፤ ተጠቃሚው የሚፈልገው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ በፊዚክስ የኤሌክትሮን (የአቶም ክፍል የሆነው ቅንጣት) «ስፒን»ስ? «ሽረት» ልበለው?

መልስ፦ ባትለው ይሻላል። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኡለንቤክና ጎውድስሚት በ1925 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ሲያቀርቡ ኤሌክትሮኑ እንደ እንዝርት የሚሾር መስሏቸው ነበር። ስሙ ጸና እንጂ ሥዕሉ አልጸናም፤ ኤሌክትሮን እንደ ኳስ የሚሾር አካል የለውም። «ስፒን» ብለህ ተወው።