የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የእሽቅድምድም ሞዴል ጀልባን ነዳጅ ከዳር ሆኖ መቆጣጠር

ጥያቄ፦ የምኖረው በኮሎራዶ፣ ዴንቨር አካባቢ ነው። 7.5 ሲሲ ግሎው ሞተር (በሜታኖልና በናይትሮሜቴን ድብልቅ የሚሠራ) ያላት በሪሞት የምትነዳ የእሽቅድምድም ጀልባ ገዝቻለሁ። የክለብ ጓደኞቼ የነዳጁንና የአየሩን ድብልቅ ከዳር ሆኜ የማስተካክልበት ሦስተኛ ሰርቮ (በሪሞት የሚታዘዝ ትንሽ ማንቀሳቀሻ) እንድጨምር ይመክሩኛል፤ ሆኖም አንዳንዶቹ የነዳጁን መጠን የሚወስነውን የካርቡራተሩን መርፌ የሚያዞረውን፣ ሌሎቹ በነዳጅ ቱቦው መሐል የሚገባውን ቫልቭ፣ አንዱ ደግሞ የታንከሩን ግፊት የሚያስተነፍሰውን ያወድሳሉ። በእርግጥ ያስፈልገኛል? ካስፈለገኝስ የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ ለውድድር ከሆነ ያስፈልግዎታል። ጀልባ ላይ እውነተኛው ሸክም የሚመጣው ፕሮፔለሩ ውሃ ውስጥ ገብቶ መግፋት ሲጀምር ስለሆነ፣ ከዳር ላይ ልክ የመሰለው ድብልቅ ሐይቁ መሐል ሲደርስ ወፍሮ (ነዳጁ በዝቶ) ወይም ሳስቶ (ነዳጁ አንሶ) ይገኛል። ታንከሩ ግፊት የሚያገኘው ከማርሚታው በመሆኑም የሞተሩ ፍጥነት ሲቀንስ ግፊቱ አብሮ ይወርዳል፤ ነዳጁ እየጎደለ ሲሄድ ደግሞ ድብልቁ ወደ መሳሳት ያዘነብላል። የውድድሩ አካሄድም የራሱ ጥያቄ አለው። ጀልባዎቹ የመነሻው ሰዓት እስኪደርስ በዝግታ ሲዞሩ ማቀዝቀዣው ውሃ በበቂ አይገባም፤ ምክንያቱም ውሃውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው የጀልባዋ ፍጥነት ነው። በዚያ ጊዜ ድብልቁን ወፈር ማድረግ፣ ከተነሡ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ማሳሳት የሚቻለው ከእጅዎ ሳይወጣ የሚስተካከል ነገር ሲኖር ብቻ ነው።

ከሦስቱ ግፊት የሚያስተነፍሰውን በቅድሚያ ይተዉት። ከማርሚታው የሚመጣው ጭስ ዘይት የያዘ ስለሆነ የማስተንፈሻውን ትንሽ ቀዳዳ እያቆሸሸ ይደፍናታል፤ ከዚያ በኋላ ትናንት ልክ የነበረው የሰርቮ ቦታ ዛሬ ሌላ ድብልቅ ይሰጥዎታል።

መርፌውን በቀጥታ የሚያዞረው ፈጣንና ስሜቱ ጥሩ ነው፤ ልምድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ድክመቱ መርፌው ላይ ያለው ጥርስ በሞተሩ ንዝረት ተበልቶ መላላቱ ነው፤ ማያያዣው ዘንግ ከተነቀለ ደግሞ መርፌው ወደፈለገው ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ለእርስዎ የምመርጠው በታንከሩና በካርቡራተሩ መካከል የሚገባውን ቫልቭ ነው። ዋናው መርፌ በእጅ እንደተስተካከለ በቦታው ይቆያል፤ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ወፍራሙን ወሰን የሚወስነው ያ መርፌ ነው፣ ቫልቩ የሚሠራው ከዚያ ወደ ታች እየቀነሱ የማሳሳቱን ሥራ ብቻ ነው። ቫልቩን ከፍተው፣ ጀልባዋን ውሃ ላይ አውጥተው፣ ትንሽ ጭስ እያስከተለች እንድትሄድ ዋናውን መርፌ ያስተካክሉ፤ ቀጥሎም በሪሞቱ ላይ የሰርቮውን የጉዞ ወሰን አሳጥረው ቫልቩ ጨርሶ እንዳይዘጋ ያድርጉ። በሙሉ ፍጥነት ላይ ያለ ሞተር ነዳጅ ቢዘጋበት ከመጥፋቱ በፊት ይሳሳል፤ ፒስቶኑና ሲሊንደሩ የሚቧጨሩትም በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ነው።

ሲገዙ በመጀመሪያ የቫልቩን የውስጥ ቀዳዳ ስፋት ይዩ። 1 ኪሎ ቤንዚን ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ሲፈልግ፣ ሜታኖል 6.4፣ ናይትሮሜቴን ደግሞ 1.7 ብቻ ይበቃቸዋል። ይህ ማለት የእርስዎ ሞተር በዚያው አየር ከቤንዚን ሞተር እጥፍ በላይ ነዳጅ ይጠጣል፤ የናይትሮው መጠን በጨመረ ቁጥርም ጥማቱ ይጨምራል። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ሞተሩን ያስርበዋል። ሻጮች ስለ ሰርቮው ጉልበት ብዙ ያወራሉ፤ ለዚህ ሥራ ጉልበት ሳይሆን ወደተባለበት ቦታ በትክክል መመለስ ነው የሚፈለገው። ይህንንም ከመግጠምዎ በፊት በቀላሉ መፈተን ይችላሉ፦ በመርፌ ሲሪንጅ ነዳጅ ሞልተው ወደ ቫልቩ በእኩል ግፊት ይግፉ፣ የሪሞቱን ማስተካከያ አንዴ ከወፍራሙ፣ አንዴ ከሳሳው አቅጣጫ ወደ መሐል ያምጡና የሚንጠባጠበውን ይቁጠሩ። ከሁለቱም አቅጣጫ ጠብታው እኩል ካልሆነ ማያያዣው ላይ ልቅነት አለ፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ ይመልሱት።

ማስተካከያው በአውራ ጣትዎ የሚገኝና ቀስ በቀስ የሚዞር ይሁን፤ ሁለት ቦታ ብቻ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ለዚህ አይሆንም። ፌይልሴፍም (ሲግናል ሲቋረጥ ሰርቮዎቹን ወደተወሰነ ቦታ የሚወስድ ቅንብር) ያስገቡለት፦ ሲግናል ሲጠፋ ካርቡራተሩ እንዲዘጋ፣ ድብልቁ ግን ወደ ወፍራሙ እንዲመለስ።

የእርስዎን ከተማ በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ 15 በመቶ ያህል ይቀላል፤ ስለዚህ መርፌዎ እዚያ ይበልጥ ተዘግቶ ነው የሚሠራው። ጀልባዋን ይዘው እንደ ሂውስተን ወዳለ ዝቅተኛ ቦታ ለውድድር ከወረዱ ያው ቅንብር አደገኛ ሆኖ ይሳሳል። ቫልቩ ይህን ሁሉ ልዩነት እንዲሸፍን አይጠብቁ፤ በቅድሚያ ዋናውን መርፌ ከፈት ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ከጀርመን ነው የምጽፈው። የእኔ ጀልባ የ26 ሲሲ የቤንዚን ሞተርና የዋልብሮ ካርቡራተር አላት። ለእኔም ተመሳሳዩን ቫልቭ ትመክራላችሁ?

መልስ፦ አንመክርም። እንደ እርስዎ ዋልብሮ ያለ ባለ ዲያፍራም ካርቡራተር ነዳጁን በራሱ ፓምፕ ስቦ በራሱ ስለሚመጥን፣ የታንከሩ መጉደል እምብዛም አያሳስበውም። ከፊቱ ቫልቭ ቢያስገቡ ቫልቩን ብዙ እስኪዘጉት ድረስ ምንም ለውጥ አያዩም፤ ፓምፑ ሲራብ ግን ሞተሩ በድንገት ይሳሳል። ከሩቅ ማስተካከል የግድ ከሆነብዎ ሰርቮው የከፍተኛ ፍጥነቱን መርፌ ራሱን እንዲያዞር ያድርጉ። ቱቦውንም ያስተውሉ፦ ለሜታኖል የሚሆነው ሲሊኮን በቤንዚን ስለሚያብጥ፣ ለእርስዎ የሚስማማው ታይጎን ወይም ሌላ ለቤንዚን የተሠራ ቱቦ ነው።