«ኪታብ ገልጦ የሚያይ ሰው ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ሰላቴስ?»

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ኒካሕ የምናስርበትን ቀን ከቆረጥን በኋላ የእጮኛዬ እናት የልጃቸውንና የእኔን ስም ከነእናቶቻችን ስም ይዘው፣ ኪታብ ገልጠው ያያሉ ወደሚባሉ አንድ አባት ዘንድ ሄዱ። እሳቸውም ስሞቹን ደምረው «ኮከባቸው አይገጥምም፤ ከተጋቡም ከሁለት አንዳቸው ዕድሜ አይኖራቸውም» አሏቸው። እኔም ከጭንቀት የተነሣ አክስቴን አስከትዬ ወደ ሌላ ገላጭ ሄድኩ። ሰውየው ልጅ ሳለሁ በጠና ታምሜ እንደነበርና አባቴ በሕይወት እንደሌለ ነገረኝ፤ ሁለቱም እውነት ነው። ኮከባችንን ለማስተካከል ብሎ ገንዘብ ሲጠይቀኝ ከፊሉን ከፈልኩት። ይህን የሰማች ጓደኛዬ «እንዲህ ያለ ሰው ዘንድ የሄደ ለ40 ቀን ሰላቱ ተቀባይነት የለውም» ስላለችኝ፣ ካልተቀበለኝ ምን ያደርግልኛል ብዬ መስገድ አቆምኩ። ሰዎቹ እኮ ሙስሊሞች ናቸው፤ የሚያዩትም በዐረብኛ ኪታብ ነው። ይህም ጥንቆላ ይባላል? ካልሆነስ የነገረኝ እንዴት ትክክል ሊሆን ቻለ? ኒካሑንስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እህታችን፣ ከጠየቁን ሁሉ አስቀድመን የምንመልሰው ስለ ሰላትዎ ነው፤ ኒካሑ ጥቂት ቢቆይ ግድ የለም፣ ሰላት ግን አይቆይም።

ጓደኛዎ የነገረችዎ ሐዲስ በርግጥ አለ። ኢማም ሙስሊም በሶሒሕ ኪታባቸው ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤቶች ከአንዷ ይዘው እንደዘገቡት፣ የተሰወረውን ዐውቃለሁ ወደሚል ሰው ሄዶ ስለ አንድ ነገር የጠየቀ ሰው የ40 ሌሊት ሰላቱ ተቀባይነት አያገኝም። ሆኖም ከዚህ ሐዲስ ተነሥቶ «እንግዲያው አልሰግድም» ማለት ሐዲሱን ገልብጦ መረዳት ነው። ይህንኑ ኪታብ ያብራሩት ኢማም አን-ነወዊ እንደሚሉት፣ ሰውየው በእነዚያ ሌሊቶች የሰገደው ሰላት ግዴታውን ያወርድለታል፤ መልሶ እንዲሰግደውም አይጠየቅም፤ የሚያጣው ምንዳውን ነው። ይህንንም ባለቤቱ በግፍ በተቀማ መሬት ላይ ከተሰገደ ሰላት ጋር ያመሳስሉታል። እንግዲህ ምንዳ ማጣት ራሱ ከባድ ቅጣት ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ላይ ሰላቱን ጨርሶ መተው ከመጀመሪያው የባሰ ሌላ ጥፋት መጨመር ይሆናል። ስለዚህ ይህን መልስ ባነበቡበት ሰዓት የደረሰውን ወቅት ይስገዱ። ያለፉዎትንም፣ የወር አበባ ቀናትዎ ሲቀሩ፣ እየቆጠሩ ቀዷእ ያውጡ (ማለትም ዘግይተውም ቢሆን ይስገዷቸው)፤ በአገራችን በሰፊው የሚሠራባቸው የሻፊዒይና የሐነፊይ መዝሀቦች የሚያዝዙት ይህንን ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ልዩነት ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። የ40ው ሌሊት ሐዲስ የሚናገረው ስለ ጠየቀ ሰው ነው። ጠይቆ፣ የተነገረውንም እውነት ነው ብሎ የተቀበለውን ሰው በሚመለከት ግን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ኢማም አሕመድ የዘገቡት ሌላ ሐዲስ አለ፤ ይኸውም እንዲህ ያለው ሰው በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ በተወረደው ክዷል የሚል ነው። የንግግሩ ክብደት ምክንያት አለው፤ በሰማያትና በምድር ካሉት ሁሉ ከአላህ በቀር ገይብን (የተሰወረውን) የሚያውቅ እንደሌለ ቁርኣን በሱረቱ አን-ነምል 65ኛ አንቀጽ በግልጽ ተናግሯልና። እርስዎ ከደብዳቤዎ እንደምንረዳው በጭንቀት ሄዱ እንጂ ልብዎ ሙሉ በሙሉ አላመነም፤ ለመጠየቅ የጻፉልንም ስላላመኑ ነው። ያም ሆነ ይህ መንገዱ አንድ ነው፦ ዳግመኛ አለመሄድ፣ በሆነው መጸጸት፣ ላለመመለስም ቁርጥ ሐሳብ ማድረግ። የተውበት በር ክፍት ነው።

«ሰዎቹ ሙስሊሞች ናቸው» ላሉት፣ የሠሪው ማንነት የሥራውን ፍርድ አይለውጠውም። የሆነውን በጥሞና ይመልከቱት። ሰውየው የስምዎንና የእናትዎን ስም ፊደላት በአብጀድ (ለእያንዳንዱ የዐረብኛ ፊደል በሚሰጠው ቁጥር) ለውጦ ይደምራል፤ ድምሩን ለ12 አካፍሎ በቀሪው ቁጥር ከ12ቱ ኮከቦች አንዱን ይሰጥዎታል፤ ከዚያም የእጮኛዎን ኮከብ ከእርስዎ ጋር ያስተያያል። ዐውደ ነገሥት የሚገልጠው ደብተራም ስምን ከእናት ስም ጋር ደምሮ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የሚለየው ፊደሉ ብቻ ነው። በመግቢያው ላይ ቢስሚላህ መባሉ፣ በመካከሉም የቁርኣን አንቀጽ መነበቡ ሒሳቡን ሃይማኖት አያደርገውም፤ እንዲያውም ተራውን ሙእሚን ለማታለል ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ይኸው ነው ብንል አናጋንንም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) አብጀድ እየጻፉ ከዋክብትን ስለሚመለከቱ ሰዎች ሲናገሩ፣ ይህን የሚያደርግ ሰው አላህ ዘንድ ድርሻ ይኖረዋል ብለው እንደማያስቡ ገልጸዋል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ከእስልምና በፊት የነበሩ ዐረቦች መንገድ ሊወጡ ወይም ሊያገቡ ሲያስቡ አዝላም በሚባሉ እንጨቶች ዕጣ ይጥሉ ነበር። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚነግሩን በአንዱ እንጨት ላይ «አድርግ»፣ በሌላው ላይ «አታድርግ» የሚል ተጽፎ፣ ሦስተኛው ባዶ ይተዋል፤ ባዶው ከወጣ ዕጣው እንደገና ይጣላል። ሱረቱል ማኢዳ በ3ኛውና በ90ኛው አንቀጽ ይህን ከልክሎ፣ ከአስካሪ መጠጥ፣ ከቁማርና ከጣዖታት ጋር አብሮ የሰይጣን ሥራ ብሎታል። መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በካዕባ ውስጥ የኢብራሂምና የኢስማዒል ምስል አዝላም እንደያዙ ሆኖ ተሥሎ አገኙ። እነዚያ ሰዎች ሁለቱ ነብያት በአዝላም ዕጣ ጥለው እንደማያውቁ እያወቁ እንዲህ ማድረጋቸውን አውግዘው ምስሉ እንዲወጣ አዘዙ። ጥንቆላን በነብያት ስም ማልበስ፣ እንግዲህ፣ ያኔም ነበረ ማለት ነው።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ እንለፍ። ሰውየው ስለ ሕመምዎና ስለ አባትዎ የተናገረው ትክክል መሆኑ ያሳሰብዎት ይመስለናል፤ ብዙ ሰው የሚጠመደውም እዚህ ላይ ነው። ይህን ጥያቄ ሶሓቦችም ጠይቀውታል። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ሰዎች ስለ ጠንቋዮች ሲጠይቁ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «ምንም አይደሉም» ብለው መለሱ። ሰዎቹም አንዳንድ ጊዜ የሚናገሩት እውነት ሆኖ እንደሚገኝ ሲነግሯቸው፣ ያቺ እውነት ቃል ጂኒው ጠልፎ በወዳጁ ጆሮ የሚያንቆረቁራት እንደሆነች፣ እነሱም ከ100 በላይ ውሸት እንደሚቀላቅሉባት አስረዱ። ሐዲሱ «ፈጽሞ አይሳካላቸውም» እንዳላለ ያስተውሉ። አልፎ አልፎ መሳካቱን ሳይክድ፣ መሳካቱ ግን የባለቤቱን እውነተኛነት አያረጋግጥም ነው የሚለው። ያለፈውን መናገርና የሚመጣውን ማወቅም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አባትዎ ማረፋቸውን ጎረቤትዎ ሁሉ ያውቃል፣ የነገ ዕድሜዎን ግን ማንም አያውቅም።

ከጂኒው በፊት ሊታሰቡ የሚገባቸው ተራ ምክንያቶችም አሉ። ልጅ ሳለ በጠና ያልታመመ ሰው ከመካከላችን ስንቱ ነው? ለኒካሕ ጉዳይ ከአባቷ ጋር ሳይሆን ከአክስቷ ጋር የመጣችን ልጅ ያየ ሰው «አባትሽ የለም» ቢል ምን ያስደንቃል? እንዲህ ያለ ሰው የፊትን መለዋወጥ እያየ ቃሉን ማዞርም ያውቅበታል። እኛ በዚያ ስፍራ ስላልነበርን የእርስዎ ጉዳይ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ መፍረድ አንችልም፤ ለሸሪዓው ፍርድም ለውጥ አያመጣም።

ራሳቸው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንኳ ገይብን ባውቅ ኖሮ መልካሙን ነገር ሁሉ ባበዛሁ፣ ክፉም ባልነካኝ ነበር እንዲሉ በሱረቱል አዕራፍ 188ኛ አንቀጽ ታዘዋል። ልጃቸው ኢብራሂም ባረፈበት ቀን ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች «ለኢብራሂም ሞት ነው የተጋረደችው» ማለት ጀመሩ። ዝም ቢሉ ክብራቸው ከፍ ባለ ነበር። እሳቸው ግን በሐዘናቸው መካከል ሆነው፣ ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ተአምራት ሁለቱ እንደሆኑና ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ ተናገሩ። የሰማይ አካላትን ከአንድ ሰው ዕድል ጋር ማያያዝ ለነብዩ ልጅ ካልተፈቀደ ለሌላው ከየት ይመጣል?

ስለ ገንዘቡ፦ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጠንቋይ የሚሰጥን ክፍያ እንደከለከሉ አቡ መስዑድ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል፤ የቀረውን ገንዘብ አይክፈሉ። አቡ በክር (ረ.ዐ.) አገልጋያቸው ያቀረበላቸውን ምግብ ከቀመሱ በኋላ በጃሂሊያ ዘመን ለሠራው ጥንቆላ የተከፈለው ዋጋ መሆኑን ሲነግራቸው፣ ጣታቸውን ጉሮሯቸው ውስጥ ከተው አስመልሰውታል። «ሳልጨርስ ብቀር ይጎዳኛል» የሚል ፍርሃት ካደረብዎት አየተል ኩርሲይን፣ ሱረቱል ፈለቅንና ሱረቱ አን-ናስን ራስዎ ያንብቡ፤ አማላጅም ከፋይም አያስፈልገውም።

ኒካሑን በተመለከተ ሸሪዓው የሚያውቀው መመዘኛ የሰውየው ዲንና ጠባይ ነው። ስለ እሱ የሚያውቁትን ሰዎች ይጠይቁ፣ ወልይዎን (በኒካሕ የሚወክልዎትን ዘመድ) ያማክሩ፣ ከዚያም ኢስቲኻራ ይስገዱ። ጃቢር (ረ.ዐ.) እንደሚሉት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢስቲኻራን በነገር ሁሉ ላይ እንደ ቁርኣን ሱራ ያስተምሯቸው ነበር። ሁለት ረከዐ ሰግደው ዱዓውን ያደርጋሉ፤ በዱዓውም ውስጥ «አንተ ታውቃለህ፣ እኔ አላውቅም» የሚል ቃል አለ። እዚህ ላይ መናገር የሚያስፈልገን ነገር አለ፦ ኢስቲኻራን ወደ ሌላ ዓይነት ገለጣ የቀየሩት ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ሕልም ካላየሁ አልተመለሰልኝም የሚሉ አሉ፤ ይባስ ብሎ ገንዘብ ከፍለው ሌላ ሰው «ኢስቲኻራ እንዲያይላቸው» የሚልኩም አሉ። ሐዲሱ ሕልምን አላነሣም። ጉዳዩ ያለው ሰው ራሱ ይሰግዳል፣ ራሱ ይለምናል፤ ከዚያም ወደ ጉዳዩ ይገባል፤ መልካም ከሆነ ይገራለታል፣ ክፉ ከሆነ ይዞርለታል።

የእጮኛዎን እናት በቁጣ አይቅረቧቸው። ያደረጉት ለልጃቸው ከመሳሳት የተነሣ እንደሆነ አይጠፋዎትም፤ ወደፊትም አማትዎ ይሆናሉ። የሚያከብሯቸውን የሰፈሩን ኢማም ወይም አንድ ዐሊም ልከው፣ የማንም ዕድሜ መቼ እንደሚያልቅ ከአላህ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ በለዘበ ቃል እንዲያስረዷቸው ቢያደርጉ ይሻላል። እጮኛዎም በዚህ ጉዳይ ከእናቱ ጋር በአደብ መነጋገር የሱ ድርሻ ነው፤ ሸክሙ በእርስዎ ላይ ብቻ አይውደቅ።

ጥያቄ፦ ከጂዳ ነው የምጽፈው። ከሥራ በኋላ ጓደኞቼ በስልካቸው «የዛሬ ኮከብህ» የሚለውን ያነብባሉ፤ እኔም ለጨዋታ አብሬ አያለሁ። ይህ ከተከለከለ የአየር ትንበያና የረመዳን መግቢያ ሒሳብስ ከኮከብ ቆጠራ በምን ይለያል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ለጨዋታ የተባለውን ይተዉት። የልደት ቀንን ሰጥቶ የነገን ወሬ መጠበቅ መጠየቅ ነው፤ የሚጠየቀው ሰው በስልክ ውስጥ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። ባያምኑበትም «ዛሬ ከገንዘብ ተጠንቀቅ» የሚለውን ያነበበ ሰው ቀኑን ሙሉ እሱን ማሰቡ አይቀርም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። ቁርኣን ከዋክብትን በየብስና በባሕር ጨለማ መመሪያ አድርጎ ያነሣቸዋል፤ በሱረቱ ዩኑስ 5ኛ አንቀጽም የጨረቃ መስፈሪያዎች የተወሰኑት የዓመታትን ቁጥርና ሒሳብን እንድናውቅ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ማስላት የተፈቀደ ዕውቀት ነው። በታሪካችን ሁለቱ የተደባለቁበት ጊዜ መኖሩን አንክድም፤ የዐባሲዩ ኸሊፋ አል-መንሱር እ.ኤ.አ. በ762 የባግዳድን መሠረት ሲጥሉ ቀኑን ያስመረጡት በኮከብ ቆጣሪዎች ነበር። ነገር ግን ኢብኑ ሲናና ኢብኑ ኸልዱንን የመሰሉ ሊቃውንት ኮከብ ቆጠራን በማስረጃ ውድቅ ሲያደርጉ፣ በ14ኛው ምዕተ ዓመት የኖሩት ኢብኑ አሽ-ሻጢር ደግሞ በደማስቆው የኡመዊ መስጊድ የሰላት ወቅት አስሊ ሆነው የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ ያጠኑ ነበር።

የአየር ትንበያም እንደዚሁ ነው። ደመናን፣ ንፋስንና እርጥበትን ለክቶ ሊዘንብ ይችላል ማለት ከሚታይ ምክንያት ተነሥቶ መገመት እንጂ ገይብን መናገር አይደለም። በሑደይቢያ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረበት ማለዳ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የነቀፉት፣ ዝናቡን «በዚህ ኮከብ ምክንያት ዘነበልን» ብሎ ወደ ኮከብ ማስጠጋትን ነው። የረመዳን ጉዳይ ደግሞ ሌላ ክርክር ነው፦ ወሩ በሒሳብ ብቻ ይገባል አይገባም የሚለው ላይ ሊቃውንት ተለያይተዋል፤ ሒሳብ አይበቃም የሚሉትም ቢሆኑ እንዲህ የሚሉት ሐዲሱ ጾሙን ጨረቃን በዓይን ከማየት ጋር ስላያያዘው እንጂ ሒሳቡን ከጥንቆላ ስለቆጠሩት አይደለም።