አሮጌዎቹን ፊልሞች ማሽን ላይ ከመጫንሽ በፊት

ከድሬዳዋ የጻፍሽልን እህታችን፣ ጥያቄሽ በአጭሩ ይህ ነው፦ ዩኒቨርሲቲ እየተማርሽ ከዚራ አካባቢ ባለ አዳራሽ የማሽን ክፍል በትርፍ ጊዜሽ ትሠሪያለሽ። ከመጋዘን የቆዩ የ35 ሚሊሜትር ፊልሞች ወጥተዋል፤ ኃላፊሽ ጠጋግነሽ እንድታሳዪ ጠይቆሻል። ሙያው እንጀራ ይሆናል ወይ?

ፊልም በማሳየት ብቻ መኖር ዛሬ ከባድ ነው፤ አዳራሾች ወደ ዲጂታል ገብተዋል። የተጎዳ ፊልም መርምሮና ጠግኖ ፊልሙን ወደ ዲጂታል ለሚቀዳው ስካነር የሚያዘጋጅ ሰው ግን ፊልም ላከማቸ ቤተ መዛግብትና ቴሌቪዥን ጣቢያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሥራውን ልመጂ፤ ትኩረትሽ ግን ምርመራው ላይ ይሁን።

ቆርቆሮውን ስትከፍቺ መጀመሪያ ሽታውን ልብ በይ። አቼቶ አቼቶ የሚል ከሆነ ፊልሙ አሲቴት ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ነው፣ መበስበስም ጀምሯል። የሚወጣው አሲድ ራሱ መበስበሱን ያፋጥነዋል፤ ሙቀትና እርጥበት ያባብሱታል። በድሬ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የከረመ ጥቅል የሚያሰጋው ለዚህ ነው። ከጤነኞቹ ለይተሽ አየር በሚዘዋወርበት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጪው። በፌስታል አትሰሪው፤ አሲዱን አፍኖ ያስቀረዋል። ፊልሙ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ ከመሰለሽ ደግሞ ክደኚውና ከእሳትና ከሙቀት አርቂው። ናይትሬት የሚባለው በቀላሉ የሚቀጣጠል የድሮ ፊልም ሊሆን ይችላል፤ ናይትሬት አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ውስጥ እንኳ ይነዳል።

ቀጥሎ ፊልሙ መኮማተሩን፣ ማለትም ማጠሩን፣ ለኪ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፣ ፊልም ማሽን ላይ ከሚቀደድባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው። ጤነኛ የማሳያ ፊልም 100 ፍሬም (ፊልሙ ላይ ያለው እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል) 1 ሜትር ከ90 ሳንቲሜትር ይሆናል። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ 100 ቁጠሪ፤ ከ15 ሚሊሜትር በላይ ካጠረ ፕሮጀክተር ውስጥ አይግባ። በፊልሙ ጠርዝ ያሉት ቀዳዳዎች ተቀራርበዋልና የማሽኑ ጥርስ እየበሳና እየቀደደ ይሄዳል። እንዲህ ያለው የስካነር ሥራ ነው።

ለጥገናው በእጅ የሚዞር መጠቅለያ፣ ከሥር ብርሃን ያለው ጠረጴዛ፣ ማጉያ መነጽርና የፊልም መቀጠያ ያስፈልጉሻል። ጠርዙን ብቻ እየያዝሽ ቀስ ብለሽ አዙሪ። የጥጥ ጓንት የተቀደደ ቀዳዳ ላይ ይጠመዳልና ዱቄት የሌለው የናይትራይል ጓንት ይሻላል። አሮጌ ቅጥያ ስታገኚ በቀስታ እጠፍ አድርገሽ ሞክሪው፤ ከተላቀቀ እንደገና ቀጥዪ። ስትቆርጪ በሁለት ፍሬሞች መካከል ባለው መስመር ላይ ይሁን። አንድ ፍሬም 4 ቀዳዳ አለው፤ በአንዷ እንኳ ከሳትሽ ከዚያ ቅጥያ በኋላ ሥዕሉ ሸራው ላይ ከቦታው ይወርዳል ወይም ይወጣል። የፊልም ቴፕ በሁለቱም ገጽ ለጥፊ። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ስኮች በፍጹም አይሆንም፤ ሙጫው በሙቀት ይፈስና የላይኛውን ዙር ከታችኛው ያጣብቃል።

አሲቴት በፈሳሽ ማጣበቂያም ይቀጠላል፤ ፖሊስተር የሚባለውን ጠንካራ የፕላስቲክ ፊልም ግን ማጣበቂያው አያሟሟውም። ለመለየት ጥቅሉን በጎኑ ወደ ብርሃን ያዢው፦ ብርሃን ካሳለፈ ፖሊስተር፣ ከጨለመ አሲቴት ወይም ናይትሬት ነው። ፖሊስተር በቀላሉ አይበጠስም፤ ማሽን ውስጥ ሲጠመድ የሚሰበረው የማሽኑ ዕቃ ነው።

ለኃላፊሽ በግልጽ ንገሪው፦ ሌላ ቅጂ የሌለው ፊልም፣ ቢጠገንም፣ ስካን ሳይደረግ አይታይም። ይህን በድፍረት መናገር የሙያው አካል ነው።

ለእያንዳንዱ ጥቅል አንድ ገጽ መዝገብ ያዢ፦ ርዕስ፣ የጥቅል ቁጥር፣ ርዝመት (610 ሜትር ያህል በሰከንድ 24 ፍሬም 22 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል)፣ የፊልሙ ዓይነት፣ ሽታ፣ የመኮማተር ልክ፣ የቅጥያ ብዛት፣ የተቀደዱ ቀዳዳዎች፣ ያደረግሽው ጥገና። ሥራ ስታመለክቺ ሦስት አራቱን ከማመልከቻሽ ጋር አያይዢ። ጎን ለጎንም የዲጂታል ሲኒማ ሰርቨር አጫጫንንና በተወሰነ ሰዓት ብቻ የሚሠራውን የፊልም መክፈቻ ዲጂታል ቁልፍ አጠቃቀም ልመጂ፤ ለጊዜው ደመወዝ የሚከፍልሽ እሱ ነው።