ጨው የጫነች በቅሎና ሁለት ዳይስ፦ ለወጣት መምህራን

ውድ ወጣት መምህራን፣

በክፍለ ጊዜና በእርማት መካከል ተማሪዎቻችሁን የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ልታጫውቱ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ የምመክራችሁ ታሪክ እንዳትጽፉ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድን ሰው ሆኖ ይናገራል፣ መምህሩ የቀረውን ዓለም ሆኖ ይመልስለታል፣ የሚያጠራጥረውን ነገር ዳይስ ይወስናል። ዱንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የዚህ ዓይነት ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲታተም ጀምሮ መሠረቱ ይኸው ነው። የዚያ ጨዋታ ባለ 20 ገጽ ዳይስና ወፍራም ደንብ ግን አያስፈልጋችሁም፤ የሉዶ ዳይስ ሁለት ካገኛችሁ ይበቃል።

አሥር ገጽ ታሪክ ጽፎ የመጣ መምህር፣ ልጆቹ ገና በሁለተኛው ደቂቃ በሌላ መንገድ ሲታጠፉበት ወይ ይቆጣል ወይ ይጎትታቸዋል። ስለዚህ ችግሩን ብቻ አዘጋጁ፤ መፍትሔው የእነሱ ሥራ ነው። ለምሳሌ ልጆቹ አሞሌ የጫኑ ሲራራ ነጋዴዎች ይሁኑ። ወንዙ ሞልቷል፤ የኬላው ጠባቂ የወትሮውን እጥፍ ቀረጥ ጠይቋል፤ አንዷ በቅሎ ማነከስ ጀምራለች። ይኸው ሦስት መስመር። ዝግጅቱ ከ20 ደቂቃ ካለፈ አብዝታችኋል።

በአንድ ጠረጴዛ ከአምስት ልጅ አትለፉ፤ ስድስተኛው ተራው እስኪደርስ መስኮት መስኮቱን ያያል። ክበቡ አሥር ልጅ ካለው ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ ሰው ይጫወቱ። ለአንድ ሰው ግማሽ ወረቀት ይበቃዋል፦ ስሙ፣ የሚችለው አንድ ነገር፣ የሚፈራው አንድ ነገር፣ የያዛቸው ሦስት ዕቃዎች። ወረቀቱን ሰብስባችሁ እናንተው ያዙት፤ ቤት የሄደ አይመለስም።

ሁለቱ ዳይስ ይደመሩ፤ ልጁ በሚችለው ነገር ከሆነ 1 ይጨመርለት። 10ና ከዚያ በላይ ተሳካ፤ ከ7 እስከ 9 ተሳካ፣ ግን ያስከፍላል፤ 6ና ከዚያ በታች ከሸፈ። ከ36ቱ አጣጣሎች ሙሉ ስኬት የሚሰጡት 6 ብቻ ናቸው፤ 1 ሲጨመር 10 ይሆናሉ። (የሒሳብ መምህር የፕሮባቢሊቲ ትምህርቱን እዚሁ አገኘ።)

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው ክሽፈቱ ላይ ነው። «አልሆነም፣ ቀጣይ» ከተባለ ጨዋታው ይሞታል። እንቆቅልሽን አስቡ፦ መልሱ የጠፋው ሰው ሀገር ይሰጣል እንጂ ጨዋታው አይቆምም። 5 የወጣለት ነጋዴም እንዲሁ ነው፦ ጎርፉ ወደተነሣበት ዳር ይመልሰው፣ ጨው ውሃ አይችልምና ግማሹ አሞሌ ይሟሟበት። አሁን ለኬላው የሚከፍለው ጎደለ፤ ሳትዘጋጁ ሁለተኛ ችግር አገኛችሁ።

ዝምተኛውን ልጅ «ምን ታደርጋለህ?» አትበሉት፣ ይደነግጣል። «ትሻገራለህ ወይስ መልካ ትፈልጋለህ?» ሲባል ይመልሳል። ጓደኛን መዝረፍም ሆነ መምታት ከመጀመሪያው ይከልከል፤ አለዚያ ጠቡ ከጠረጴዛው ወደ ሜዳ ይወጣል። በጨዋታው እንዲነሣ የማይፈልጉትን ነገር ስማቸውን ሳይጽፉ በብጣሽ ወረቀት ይስጧችሁ፤ ጦርነት ያየ ልጅ መካከላቸው ሊኖር ይችላል። ነጥብ ደግሞ በፍጹም አትስጡበት።

ደወሉ ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው አቁሙ። አንድ ልጅ የት እንደደረሱ በአንድ መስመር ይጻፍ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሱው ያንብበው። ያን ቀን የቀረ ልጅ ካለ፣ የእሱ ሰው ኋላ ቀርቶ በቅሎዎቹን እየጠበቀ ነው።